የሠፈር ታሪክና ሰነዱ፦ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ማኅበራዊ ታሪክ አጻጻፍ በአቃቂ በሰቃ ሚዛን

በመድረሳ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን አስከትዬ የመጠየቅ ልማድ አለኝ። የመጀመሪያው የነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ወደ ሐበሻ ለምንና መቼ ተሰደዱ የሚል ነው። መልሱ አይዘገይም። የቁረይሽ በደል፣ 615፣ የጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ንግግር፣ የነጃሺ ፍትሕ በቅደም ተከተል ይነገራል። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ዛሬ የምትሰግዱበት መስጊድ መሬት ከማን ተገኘ፣ በማን ስም ተመዘገበ፣ የመጀመሪያው የጣራ ቆርቆሮስ በማን ገንዘብ ተገዛ የሚል ነው። እዚህ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል። አንዱ ተማሪ አያቴን ልጠይቅ ይላል፤ ሌላው አያቴ ሞተዋል ይላል።

ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም። እኛ ያስተማርናቸው መጻሕፍት የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ሁለተኛውን አይጠይቁም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች የተጻፉ የታሪክ ሥራዎች የሕዝብን የእርስ በርስ ግንኙነት፣ ኑሮና ንግድ በምን ዓይን እንዳዩ መመርመር፣ የደረሱበትን ማመስገንና የቀረውን ማሳየት ነው። ለመፈተኛ የመረጥሁት በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ የምትገኘውን አቃቂ በሰቃን ነው። ቦታዋ የነገሥታት መቀመጫም የታላላቅ ሸይኾች መናገሻም አልነበረችም። የባቡር ጣቢያ፣ ፋብሪካ፣ የኪራይ ቤትና ገበያ ያላት የሠራተኛ ሠፈር ናት። አንድ የታሪክ አጻጻፍ ስልት ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚለው ነገር ከሌለው፣ ለአብዛኛው ምእመን የሚለው ነገር የለውም ማለት ነው። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤተ መንግሥት ታሪክና አምሳያው

የኢትዮጵያ ታሪክ የቆየው ምንጭ ዜና መዋዕል ነው። በዜና መዋዕል ውስጥ ሙስሊሙ የሚታየው በሦስት አጋጣሚዎች ነው፤ ሲገብር፣ ሲዋጋና ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲታዘዝ። በ1878 በቦሩ ሜዳ ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው የዚህ ሦስተኛው አጋጣሚ ግልጽ ማሳያ ነው። ከእነዚህ አጋጣሚዎች ውጭ ያለው የዘወትር ሕይወት፣ ማለትም ሸማ የሸመነው፣ ጨው የጫነው፣ ልጁን ለቁርኣን ያስቀመጠው ሰው፣ ለጸሐፌ ትእዛዙ ጉዳዩ አልነበረም።

እኛስ በዚህ ላይ ምን መለስን? ብዙውን ጊዜ የመለስነው በዚያው ቋንቋ ነው። ከዜና መዋዕሉ ጎን የሺሃቡዲን አሕመድን «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» አኖርን፤ በነገሥታቱ ዝርዝር አንጻር የይፋትንና የዐደልን ሱልጣኖች ዝርዝር ጻፍን። ይህ አስፈላጊ ሥራ ነበር። ሆኖም ንጉሥን በሱልጣን፣ ራስን በኢማም ብንተካ የመጽሐፉ አሠራር አልተለወጠም። ገበሬው፣ ነጋዴውና ሴቲቱ በሁለቱም ውስጥ የሠራዊት ስንቅ ሆነው ቀሩ።

ይህ መንገድ ብቸኛው የዐረብኛ የታሪክ መንገድ እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የካይሮ ጸሐፊ የነበረው አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም አገሮች ሲጽፍ የሱልጣኖቹን ስም ብቻ አላሰፈረም፤ ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚገበያዩ ከሐበሻ ሰዎች ጠይቆ ጽፏል። ከአንድ ምዕተ ዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት ያዘጋጀው አጭር መጽሐፍ በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ ከአል-ዑመሪ ይልቅ ቢታወቅ፣ ይህ ራሱ ስለ ምርጫችን ይናገራል። የነገሥታቱን ዝርዝር ወደድን፤ የገበያውን ዝርዝር ተውን።

በምዕራባውያን በኩል የስፔንሰር ትሪሚንግሃም «ኢስላም በኢትዮጵያ» በ1952 ታትሞ ለረጅም ጊዜ ዋና ማጣቀሻ ሆነ። የመረጃው ስፋት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ነገር ግን ደራሲው የሚስዮን ሰው ነበሩ፤ እስልምናን የሚመለከቱት በክርስቲያናዊው መንግሥት ዙሪያ እንደ ከበበ ኃይል ነው። ሕዝቡን በጎሣ በጎሣ ደርድረው የእያንዳንዱን እምነት ጥልቀት ይለካሉ። ማን «በእርግጥ» ሙስሊም ነው፣ ማን ላይ ላዩን ነው የሚለው ሚዛን ከውጭ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጎሣና ሃይማኖት በተቀላቀሉበት የባቡር ጣቢያ ሠፈር ፊት ሲቆም መልስ ያጣል፤ እዚያ ሰው የሚታወቀው በጎሣው ብቻ ሳይሆን በሥራ ፈረቃው፣ በቤት አከራዩና በዋሱም ነውና።

ሁሴን አሕመድና ከእርሳቸው በኋላ

ይህን እይታ በጥናት የሞገቱት ቀዳሚ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትና በ2009 ያረፉት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ናቸው። በ1992 ስለ ኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ አጻጻፍ ባሳተሙት ጽሑፍ የቀደሙት ሥራዎች ሙስሊሙን ከክርስቲያናዊው መንግሥት መስኮት እንደ ተመለከቱት አሳዩ። በ2001 የታተመው ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ የጻፉት መጽሐፍ ደግሞ ትችቱን በሥራ ተረጎመው። በመስጊዶችና በመድረሳዎች የተቀመጡ የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፎችን፣ መናቂቦችን፣ የአዛውንቶችን ቃል ከአውሮፓ ተጓዦች ዘገባ ጋር አስተያዩ። በዚህም የሱፊ ጠሪቃዎች፣ የንግድ መንገዶችና የወሎ ባላባቶች እንዴት እንደተሳሰሩ ታየ።

ለመምህራንና ለኢማሞች የዚህ ሥራ ትምህርት ከይዘቱ አልፎ በስልቱ ላይ ነው። መናቂብን እንደ ተረት አልጣሉትም፤ እንደ ፍጹም ዘገባም አልተቀበሉትም። የሸይኹን ከራማ የሚተርክ ጽሑፍ ሳያስበው ስለ ብዙ ነገር ይመሰክራል። ለዝያራ የመጣው ሰው ምን ይዞ መጣ፣ ሸይኹ በማንና በማን መካከል አስታረቁ፣ ለደረሳው እህል ከየት ይጫን ነበር? ተራኪው ሊያስረዳ ያላሰበው ነገር ብዙውን ጊዜ ሊያስረዳ ካሰበው ይልቅ የታመነ ነው።

ሆኖም አክብሮት ትችትን አይከለክልም። የመስጊድና የመድረሳ ጽሑፎች የተጻፉት በዑለማ እጅ ነው፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ የቆመ ታሪክ ዑለማውን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ማድረጉ አይቀርም። በወሎው ጥናት ውስጥ ሸይኹና ባላባቱ ሙሉ ሰው ሆነው ይታያሉ፤ ለሸይኹ እርሻ ያረሰው፣ ለደረሳው ያበሰለችው ግን ደብዝዘው ይቀራሉ። ይህ የደራሲው ቸልታ አይደለም፤ የምንጩ ጠባይ ነው። ራሳቸውም ይህን ያውቁ እንደ ነበር ሌላ ሥራቸው ያስረዳል። በ1999 ባሳተሙት አጭር ጥናት በረመዷን በአዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚዘረጉትን መሸጫዎች የምርምር ርዕስ አድርገዋል። ታላቅ የታሪክ ሊቅ ወደ ጉልት ንግድ ዞር ብሎ እምነትና ገበያ እንዴት እንደሚደጋገፉ መጠየቁ ለእኛ የተተወ አደራ ይመስለኛል።

ዐብዱሰመድ ሐጂ አሕመድም በሌላ በኩል ያንኑ በር ከፍተዋል። በበጌምድር ስለ ነበረችው የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ስለ ዳሪጣ በ1989 ያሳተሙት ጥናት ከ1830 እስከ 1889 ያለውን ዘመን ይመለከታል። የጥናቱ መነሻ ንጉሥ ሳይሆን ከተማ ነው፤ ነጋዴው በንግድ መንገድ ላይ ስላለው ቦታና ከመንግሥት ጋር ስላለው ግንኙነት ይጠይቃል። ጉድለት ካለ፣ ጉድለቱ ይህን መንገድ ተከትለን ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ዳርቻዎች ያለመምጣታችን ነው።

አቃቂ ምን ትጠይቃለች?

አሁን ወደ መፈተኛችን እንምጣ። የአቃቂ አካባቢ የቱለማ ኦሮሞ፣ በተለይም የገላን ጎሣ ምድር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1915 አቃቂ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 ነው። እንግዲህ ሁለት ዓመት ያህል ከዋና ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ይህች ቦታ የመስመሩ ጫፍ ነበረች። ጭነት የሚራገፈው፣ እንስሳ የሚከራየው፣ መንገደኛ የሚያድረው በእርሷ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የህንድና የኢትዮጵያ ሽርክና የሆነ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1975 ደርግ ፋብሪካውን ወደ መንግሥት አዞረ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ ተከራይና አከራይ በአንድ ክረምት የቀበሌ ነዋሪዎች ሆኑ። በቅርቡ ደግሞ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዕጣ የደረሳቸውን ከየሠፈሩ አምጥተው በአንድ ደረጃ ላይ አኖሩ።

እነዚህ አራት ለውጦች በመጻሕፍት የታወቁ ናቸው። ያልታወቀው በመካከላቸው የሰው ግንኙነት እንዴት እንደ ተለወጠ ነው። የታሪክ አጥኚ በአቃቂ ቆሞ ሊጠይቃቸው ከሚገባ ጥያቄዎች ጥቂቱን ልዘርዝር። ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከወሎ የመጣው ሙስሊም የመጀመሪያውን ሌሊት በማን ቤት አደረ? ፋብሪካ ሲቀጠር ዋስ የሆነው የአገሩ ልጅ ነበር፣ የእምነት ወንድሙ ወይስ ክርስቲያን ጎረቤቱ? የጁምዓ ሰዓት ከፈረቃ ጋር ሲጋጭ ምን ተደረገ? ለመስጊድ ወጪ ይከራዩ የነበሩ ቤቶች በ1967ቱ አዋጅ ምን ሆኑ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ጭምር፣ ለሃይማኖት እኩልነት በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ከአቃቂ ማን ሄደ፣ ማንስ ቀረ፤ የቀረው ከፍርሃት ነው ወይስ የዕለት ደሞዙ እንዳይቆረጥ?

የመጨረሻው ጥያቄ ለምሳሌ ያገለግለናል። ስለዚያ ሰልፍ በጻፍነው ሁሉ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» የሚል አንድ አካል ይናገራል። ጥያቄዎቹም፣ ከእነርሱም ውስጥ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» የመባል ጥያቄ፣ በትክክል ተመዝግበዋል። ነገር ግን የመርካቶ ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የፋብሪካ ፈትል ሠራተኛ ወደዚያ አደባባይ የደረሱት በአንድ መንገድ አይደለም። መንገዶቹን ካልለየን ሰልፉን አከበርነው እንጂ አልተረዳነውም። እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ኤድዋርድ ቶምሰን በ1963 ስለ አገሩ ሠራተኞች የጻፈው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ሕዝብ የሚባለው አካል ቀድሞ ተሠርቶ የሚጠብቅ ሳይሆን በሰዎች ግንኙነት ውስጥ በጊዜ የሚሠራ ነው።

በአገራችንም ይህን ለማጥናት የሚረዱ ሥራዎች አሉ። ሕጋዊ የሠራተኛ ማኅበር በ1963ቱ አዋጅ ከመፈቀዱ በፊት ሠራተኞች በዕድርና በመረዳጃ ማኅበር መልክ ይሰባሰቡ እንደ ነበር የሠራተኛ ታሪክ አጥኚዎች አሳይተዋል። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያም በ2000 ስለ ዕድር ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ዕድር ከጥንት የወረስነው ነው የሚለውን ግምት ፈትሸው ከከተማ ኑሮ ጋር የተያያዘ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ተቋም መሆኑን አመልክተዋል። የጎደለው፣ በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እንዴት እንደ ተቀመጡ የሚያሳይ የሠፈር ጥናት ነው።

ሰነድና መትን

ይህን ጥናት ለመሥራት ከውጭ የምንበደረው ብዙ ነገር እንዳለ ሁሉ በእጃችን ያለም አለ። ኢብን ኸልዱን በ«ሙቀዲማ»ው መግቢያ አል-መስዑዲ ስለ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ሠራዊት የጠቀሰውን ስድስት መቶ ሺህ ቁጥር የሚጥለው የተራኪውን ታማኝነት በመጠራጠር ብቻ አይደለም። ያን ያህል ሠራዊት የሚያሰልፍ ሜዳ፣ የሚቀልብ አገር ከየት ይመጣል ብሎ ነው። ዘገባ በሰዎች ኑሮ ጠባይ ይመዘናል። ዛሬ ስለ መስጊዶቻችን ዕድሜ፣ ስለ ሰጋጁ ብዛት በየመድረኩ የሚነገረውን ቁጥር በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ስንቱ ይቆማል?

የሐዲስ ሊቃውንትም ከዚህ የጠለቀ መሣሪያ ሰጥተውናል። በአማርኛ ሰነድ ስንል የተጻፈ ማስረጃ ማለታችን ነው፤ በሐዲስ ትምህርት ሰነድ ስንል የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ትርጉም የሚያስተሳስረው መደገፊያ መሆኑ ነው። ሦስት አዛውንቶች የአቃቂ አንድ መስጊድ በባቡሩ ጊዜ ተመሠረተ ቢሉን ሦስት ማስረጃ ያገኘን ይመስለናል። ሦስቱም ይህን የሰሙት በአንድ የመውሊድ ንግግር ከሆነ ግን ያገኘነው አንድ ዘገባ ነው፤ የሦስቱ መስማማት ወደ ተዋቱር አያደርሰውም። የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪ «ምን ያውቃሉ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የለበትም፤ «ከማን ሰሙ፣ መቼ፣ የት ሆነው?» ብሎ መጨመር አለበት። ይህች ሁለተኛ ጥያቄ ብዙውን የተረት እንክርዳድ ታበጥራለች።

ሰንሰለቱ ቢያምርም መትኑ፣ ማለትም የዘገባው ይዘት፣ መመርመር አለበት። አዛውንት ዘመንን የሚቆጥሩት በዓመተ ምሕረት ወይም በሂጅራ ብቻ አይደለም፤ በጣሊያን ጊዜ፣ ፋብሪካው በተከፈተ ጊዜ፣ ቤት በተወረሰ ጊዜ ይላሉ። ይህ የመርሳት ምልክት አይደለም፤ ለእነርሱ ሕይወትን የከፈለው ክስተት ምን እንደ ነበረ የሚገልጽ መረጃ ነው። አጥኚው ወደ ቁጥር ከመለወጡ በፊት የተባለውን እንደ ተባለ መጻፍ ይገባዋል።

ከቃል ቀጥሎ ወረቀት አለ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ ውል መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር የሚደነግገው የአል-በቀራ 282ኛ አንቀጽ መሆኑን ኢማሞች ሁሉ ያውቃሉ። ትንሽም ሆነ ትልቅ ዕዳን ከመጻፍ እንዳንሰለች የታዘዝን ሕዝብ ሆነን ሳለ የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን፣ የዕድሮቻችንና የዕቁቦቻችን መዝገብ የት ነው ቢባል፣ አብዛኛው ባለፈው ጸሐፊ ቤት አልጋ ሥር፣ ወይም በሞቱ ጊዜ ከተጣለው ወረቀት ጋር ነው። ጎይታይን ከ1967 እስከ 1988 በአምስት ቅጽ ያሳተመው የሜዲትራኒያን ማኅበረሰብ ታሪክ የተሠራው በካይሮ ፉስጣጥ ምኩራብ ከተገኙ ደብዳቤዎች፣ የጋብቻ ውሎችና የንግድ ሒሳቦች ነው። ባለቤቶቹ ያኖሯቸው ለታሪክ ብለው አልነበረም፤ የፈጣሪ ስም ያለበትን ወረቀት መጣል ስለ ተከለከለ ነው። እኛም ለአላህ ስም ያንኑ ክብር አለን፤ የምንፈጽመው ግን ብዙውን ጊዜ በማቃጠል ወይም በመቅበር ነው። ለቁርኣን ቅጠል ይህ ተገቢ ሥርዓት ነው። ከቁርኣኑ ጋር የተጠረዘው የሒሳብ ደብተር፣ «ቢስሚላህ» የተጻፈበት የኪራይ ውል አብሮ ሲቀበር ግን የአንድ ሠፈር ትዝታ አብሮ ይቀበራል።

ሌላው ያልተነካ ማከማቻ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ነው። በ1944 የወጣው የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 62 ለእነዚህ ፍርድ ቤቶች በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በውርስና በወቅፍ ጉዳይ ሥልጣን ሰጠ፤ የፌዴራሉን መዋቅር ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 በ1992 ዓ.ም. ተከተለው። በኦቶማን ግዛት የነበሩ ከተሞች የሸሪዓ መዝገቦች ሲጠኑ ሴቶች ንብረት ሲሸጡ፣ ባል ሲከሱ፣ ወቅፍ ሲያቆሙ ተገኝተዋል፤ በዜና መዋዕልና በመናቂብ ዝም ያሉት ሴቶች በዳኛ ፊት ይናገራሉ። የእኛ እናቶችም በቃዲ ፊት የተናገሩት ተጽፏል፤ ያነበበው አጥኚ ግን ጥቂት ነው።

መቻቻልና በደል

የዚህ ጥናት ጥቅም ለታሪክ ክፍል ብቻ አይደለም። ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ግንኙነት ሁለት የተዘጋጁ ትረካዎች አሉ። አንደኛው ዘላለማዊ መቻቻል ይባላል፤ ከነጃሺ ይጀምርና ሳያቋርጥ እስከ ዛሬ ይደርሳል። ሁለተኛው ዘላለማዊ በደል ይባላል፤ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይቆጥራል። ሁሴን አሕመድ በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ አብሮ መኖርንና ግጭትን እንደ ሁለት የማይገናኙ መንገዶች የማየትን ልማድ እንደገና እንድንመረምር ጠይቀዋል። እርሳቸው ጥያቄውን ያነሱት በአገር ደረጃ ነው። እኔ መልሱ የሚገኘው በሠፈር ደረጃ ነው እላለሁ።

ለምን? ሁለቱም ትረካዎች ማስረጃቸውን የሚያገኙት ከንግግርና ከአዋጅ ስለ ሆነ ነው። ሠፈር ግን በድርጊት ይመሰክራል። በአገራችን የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው። በአንድ ዕድር ውስጥ ሁለቱም ሲኖሩ በለቅሶ ቤት ንፍሮው የጋራ ይሆናል፤ በሠርግ ድንኳን ሥጋው በየራስ ይታረዳል፣ በየራስ ይበሰላል። ይህ መቻቻል ነው ወይስ መለያየት? ሁለቱም ነው። ድንበሩ በግልጽ ስለ ታወቀ ነው ጎረቤታሞቹ ሳይፈሩ የሚገናኙት። የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ መቼ የሁለት ድስት አንቀጽ እንደ ጨመረ፣ ወይም መቼ ዕድሩ በሃይማኖት ለሁለት እንደ ተከፈለ ማወቅ ከብዙ ንግግር ይልቅ የግንኙነቱን የሙቀት መጠን ይነግረናል።

ዋስትናም እንዲሁ ነው። ሰው በአደባባይ ወንድሜ ያለውን ሁሉ በገንዘብ አይዋስለትም። ሙስሊም ለክርስቲያን፣ ክርስቲያን ለሙስሊም ዋስ የሆነበት የዕቁብ ወረቀት ቢገኝ፣ የመተማመን ማስረጃ የሚሆነው ፊርማው ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ፊርማ ከጠፋ ደግሞ በመካከሉ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። የ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 16.2 በመቶው ሙስሊም መሆኑን ይነግረናል፤ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በማን ዋስትና ቤት እንደ ተከራየ ግን አይነግረንም። መቶኛ ብዛትን እንጂ ግንኙነትን አይቆጥርም።

በዚህ ውስጥ አደጋም አለ። ወጣቱ የሠፈሩን ታሪክ ካላወቀ ከሁለቱ የተዘጋጁ ትረካዎች አንዱን ይወስዳል፤ የትኛውን እንደሚወስድ የሚወስነው ደግሞ የዕለቱ ቁጣ ነው። ኢማሙ በሚንበር ላይ ሆኖ በዚያ ሰዓት የሚናገረው ቃል የሚመዘነው ስለ ራሱ ሰፈር በሚያውቀው ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠብቁኛል። አንደኛው፣ ታሪክን በኪራይና በደሞዝ መተርጎም እምነትን ወደ ሆድ ጉዳይ ማውረድ ነው የሚል ነው። ይህን ለሚሉ ወንድሞች ኢብን ኸልዱን የማሊኪ ቃዲ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። የሥራን፣ የገበያንና የግብርን ሕግ መመርመሩ ከዲኑ አላወጣውም። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የገዛው ሠራተኛ ከስንት ብር ደሞዙ እንዳወጣ ማወቅ የሰደቃውን ክብደት ያሳያል እንጂ አያቀልለውም።

ሁለተኛው የበለጠ የሚያሳስብ ነው። የሙታንን ዕዳ፣ ፍቺና ጠብ አውጥቶ ማጥናት ሐሜት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ መዝገብ የሚሸሽገውም በዚህ ምክንያት ነው። የሐዲስ ሊቃውንት የተራኪን ጉድለት መናገር የፈቀዱት ለታወቀ ፍላጎት፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። ይህ ለእኛም መመሪያ ይሆናል። አጥኚው ስም ሳይጠቅስ ሁኔታውን ሊያስረዳ ይችላል፤ ልጆችና የልጅ ልጆች በሕይወት ባሉበት ጉዳይ ስምን መሸፈን ግዴታው ነው። ከዚህ በተቃራኒ ግን ነውርን ለመሸፈን ሲባል መዝገብን ማጥፋት ሌላ በደል ይወልዳል፤ ዕዳውን የከፈለው ሰው ምስክርነትም አብሮ ይጠፋልና። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከታሪክ ጸሐፊ የሚፈለገውን ሲዘረዝሩ አስተዋይነትንና አድልዎ የሌለውን ፍርድ ከንጹሕ አነጋገር ጋር አያይዘዋል። በእኛ ቋንቋ ይህ ደብጥና ዐዳላ ነው፤ ከክርስቲያንም ከሙስሊምም ጸሐፊ የሚጠበቅ አንድ መለኪያ ነው።

ስለዚህ ከመምህራንና ከኢማሞች የምጠይቀው ታላቅ ቤተ መዛግብት እንዲገነቡ አይደለም። የመስጊዱ የገቢና ወጪ ደብተር ሲያልቅ ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሲለወጥ ደብተሩን በምስክር ፊት ያስረክብ። ያረጀ ቁርኣን ከመቀበሩ በፊት በውስጡ የተቀመጠ ወረቀት ካለ ይመርመር። የመድረሳ ተማሪ በየዓመቱ አንድ አዛውንት ይጠይቅ፤ የሰሙትን ከማን እንደ ሰሙ ጨምሮ ይጻፍ፤ ስማቸውን እንዲጠቅስ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ። በአቃቂ ሐዲዱ ሲገባ ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ ፋብሪካው ሲከፈት በወጣትነት የገቡት ግን ጥቂቶች ይኖራሉ። የሚቀጥለው የጁምዓ ሰላት ካለቀ በኋላ ከእነርሱ አጠገብ መቀመጥ ይቻላል። ወላሁ አዕለም።